ቮልት መጨመር ፈውስ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። ይህ ምሳሌ የተነገረው ለሰው ልጅ ቢሆንም፣ በዛሬው ዘመን ለመሣሪያም የሚሠራ መሆኑን ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አንባቢዎች አቅርቤአለሁ።

የጽሑፌ መነሻ በክፍላችን ውስጥ የተደረገ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን «ኮምፒዩተር በሥራ መካከል እየተቋረጠ ካስቸገረ፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ለፕሮሰሰሩ ጥቂት ቮልት መጨመር ነው፤ ወዲያው ይድናል» አለ። ሌላው ደግሞ ተነሥቶ «የለም፤ መድኃኒቱ ቮልቱን መቀነስ ነው» ሲል መለሰለት። ሁለቱም ሠርቶ ያየ ሰው እናውቃለን እያሉ ተከራከሩ፤ ደወል ስለ ተደወለም ክርክሩ ሳይፈጸም ቀረ። እኔ በዚያን ቀን ዝም ብዬ ብወጣም፣ ነገሩን ስመረምር ከቆየሁ በኋላ የደረስሁበትን አሳብ ለመግለጽ ወሰንሁ። አሳቤም ይህ ነው፤ ቮልት ጨምሮ የተገዛ ጸጥታ ብድር ነው እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ብድሩንም የሚከፍለው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው።

ይህን ዕቃ ለማያውቁት ወላጆቻችን ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩን ስሌት ሁሉ የሚሠራው ክፍል ነው። ማዘርቦርድ ደግሞ ፕሮሰሰሩና ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት፣ ኤሌክትሪክም የሚያከፋፍልላቸው ሰሌዳ ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ ፕሮግራም አለ፤ ባዮስ ይሉታል። ፕሮሰሰሩ በየቅጽበቱ እንደ ሥራው ክብደት ይህን ያህል ቮልት ይሰጠኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ሰሌዳውም በባዮሱ ደንብ መሠረት ይሰጠዋል። ቮልቱ ከሚያስፈልገው ሲያንስ ፕሮሰሰሩ ስሌት ይሳሳታል፤ ሲበዛ ደግሞ ይግላል፣ በጊዜ ብዛትም ያረጃል።

የሚበዛውም ሙቀት ቀላል አይደለም። የፊዚክስ ትምህርት እንደሚያስረዳን፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ በሥራ ላይ የሚበላው ኃይል የሚያድገው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ልክ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቱ ከ1.30 ወደ 1.50 ከፍ ቢል፣ ጭማሪው 0.20 ቮልት ብቻ ሆኖ ሳለ ለሥራ የሚውለው ኃይል በ33 በመቶ ያህል ይጨምራል። «ጥቂት ቮልት ብጨምር ምን አለበት» የሚል ሰው ይህን ስሌት በደብተሩ ላይ ሠርቶ ይየው።

አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ ልምጣ። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 አሥራ ሦስተኛውን የኮር ትውልድ፣ በኦክቶበር 2023 ደግሞ አሥራ አራተኛውን ለገበያ አቀረበ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኮር አይ9 14900ኬ ፍጥነቱ እስከ 6 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ነበር። ዳሩ ግን ጥቂት እንደ ቆየ ብዙ ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተራችን በጨዋታ መካከል ይዘጋል፣ የታመቀ ፋይል ስንፈታ ስሕተት ያወጣል እያሉ ያማርሩ ጀመር። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ በማያ ገጹ ላይ ይወጣ የነበረው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም» የሚል መሆኑ ነው። ሕመሙ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሳለ ጣቱ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ተቀሰረ። ራሱን የሚያመውን ሰው እግሩን እንደ ማሸት ማለት ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማዘርቦርድ ሠሪዎቹ ነው ተባለ፤ በከፊልም እውነት ነበረው። ለኮር አይ9 13900ኬ ኢንቴል የወሰነው የኃይል ልክ 253 ዋት ሲሆን፣ አንዳንድ ሰሌዳዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በባዮሳቸው የተጻፈው ልክ ከ4,000 ዋት በላይ ነበር። ይህን ያህል ኃይል የሚፈጅ የቤት ኮምፒዩተር በዓለም ላይ የለም፤ ትርጉሙ «ገደብ የለህም፤ እንደ ልብህ ሩጥ» ማለት ነው። ይህ የተደረገበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሰሌዳ ሠሪዎች እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ፤ በፍጥነት ፈተና ጥቂት ነጥብ ብልጫ ያገኘ ዕቃው ይሸጥለታል። ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። በብዙ ሥራ ጊዜ በመንገድ ላይ የሚቀንሰውን ቮልት ለማካካስ ለፕሮሰሰሩ የሚነገረውን ቁጥር ከእውነተኛው አሳንሰው ጻፉ። በዚህም ፕሮሰሰሩ የሚጠይቀው ቮልት አነሰ፤ ሙቀቱም ቀዘቀዘ። ነገር ግን ከአፈጣጠሩ ደካማ የሆነው ፕሮሰሰር በዚያ ቮልት መሥራት ተሳነው። እንግዲህ የሁለቱ ጓደኞቼ ክርክር በፋብሪካ ደረጃም እንደ ነበረ ልብ በሉ።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት ሰሌዳ ሠሪዎቹን ወደ እርሱ ልክ እንዲመለሱ ጠየቀ። ይሁን እንጂ ምርመራው ሲቀጥል ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። በጁላይ 2024 ኢንቴል ራሱ እንደ ገለጸው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ማይክሮኮድ የሚባል ትእዛዝ የተሳሳተ የቮልት ጥያቄ ያቀርብ ነበር። በኦገስት 2024 ቁጥሩ 129 የሆነ ማይክሮኮድ ወጥቶ ጥያቄው ከ1.55 ቮልት እንዳያልፍ አገደው። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ 12ቢ የተባለው ተከተለ፤ ይህም ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ወይም ቀላል ሥራ እየሠራ ሳለ የሚጠየቀውን ከፍተኛ ቮልት የሚመለከት ነበር። በሜይ 2025 እንደገና 12ኤፍ የተባለ ተጨመረ፤ እርሱም ለብዙ ቀናት ሳይጠፉ በቀላል ሥራ ላይ ለሚቆዩ ኮምፒዩተሮች የታሰበ ነው። እነዚህ ሁሉ ለተጠቃሚው የሚደርሱት በዋናው መንገድ በማዘርቦርዱ አዲስ ባዮስ አማካይነት ነው።

የሕመሙም ሥር ተገኘ። በፕሮሰሰሩ ኮር ውስጥ የሰዓቱን ምት ለየክፍሉ የሚያደርስ ሰርኪዩት አለ። ይህ ሰርኪዩት በከፍተኛ ቮልትና በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ያረጃል፤ ምቱም ይዛባል። ከበሮ መቺው ምቱን ሲስት መዘምራኑ ሁሉ እንደሚደናገሩ እንዲሁ ስሌቱ ይደናገራል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሳይሳሳት ለመሥራት የሚበቃው ትንሹ ቮልት ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ይሄዳል። አምና በ1.25 ቮልት በሰላም ይሠራ የነበረው ዘንድሮ 1.30 ይፈልጋል እንበል፤ ለከርሞ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የክርክራችን ፍርድ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ላረጀ ፕሮሰሰር ቮልት ብትጨምሩለት በእርግጥ መቋረጡን ይተዋል። የመጀመሪያው ጓደኛዬ አልዋሸም። ነገር ግን ያስረጀው ያው ቮልት ነውና የጨመራችሁለት፣ እርጅናውን አፋጠናችሁለት። ዳገት ላይ የደከመች በቅሎ በአለንጋ ስትመታ ጥቂት ርምጃ ትፈጥን ይሆናል፤ ነገር ግን ዳገቱን ጨረሰች ብሎ የሚደሰት ባለቤት በማግሥቱ በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ጓደኛዬም አልዋሸም፤ ገና ላልተጎዳ ፕሮሰሰር ቮልቱን በጥንቃቄ ዝቅ ማድረግ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ዕድሜውንም ይጠብቃል። ለተጎዳው ግን ስሕተቱን ያበዛበታል። ሁለቱም የተሳሳቱት በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት በማዘዛቸው ነው።

አንዳንዱ «ኮምፒዩተር ቢቋረጥ እንደገና ማብራት ነው፤ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው?» ይል ይሆናል። እኔ ግን የሚቋረጠውን ኮምፒዩተር አልፈራም፤ የምፈራው ስሌት ተሳስቶ ሳይቋረጥ የሚቀጥለውን ነው። የተቋረጠው «ታምሜአለሁ» ብሎ ይናገራል። ዝም ብሎ የሚሳሳተው ግን የተማሪዎችን ውጤት የያዘ መዝገብ ወይም የአንድ ዓመት ድካም የሆነ ጽሑፍ አበላሽቶ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ፋይሉ አልከፈት ሲለው ነው። እንግዲህ በጥቂት ቮልት የተደለለ ኮምፒዩተር ከሚቋረጠው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሳቤን በቅደም ተከተል ላቅርብ። መጀመሪያ፣ ከመነካካት በፊት የፕሮሰሰሩንና የማዘርቦርዱን ዓይነት፣ የባዮሱንም ቁጥር በወረቀት መጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ ከሰሌዳው ሠሪ የራሱ ገጽ ላይ አዲሱን ባዮስ አውርዶ መጫን ነው። በዚህ ላይ በተለይ ለአገራችን ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ባዮስ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሰሌዳው እንደገና ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ የሌለው ሰው ካለው ዘንድ ይዋስ፤ ወይም ዩፒኤስ ካለበት ቦታ ወስዶ ይሥራው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሦስተኛ፣ ባዮሱ ውስጥ ገብቶ የኢንቴል መደበኛ ልክ የሚለውን መምረጥ ነው፤ የሰሌዳ ሠሪው የፍጥነት ማጌጫ ይቅር። አራተኛ፣ ከባድ ሥራ ሰጥቶ መፈተን፤ ለምሳሌ ትልልቅ የታመቁ ፋይሎችን ደጋግሞ መፍታት ነው። ቮልቱን ዝቅ ለማድረግ የሚሻም ከዚህ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠና እየጻፈ ይሂድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ስሕተቱ ካልቀረስ? እንግዲያስ ፕሮሰሰሩ አስቀድሞ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ማይክሮኮድ ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም፤ ይህን ኢንቴል ራሱ ተናግሯል። ያን ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ቮልት ጨምሮ መሸፈን ሳይሆን ዕቃው እንዲለወጥ መጠየቅ ነው። ኩባንያው በኦገስት 2024 ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሰጠውን ዋስትና በሁለት ዓመት አራዝሞታል፤ በካርቶን ተሽጎ ለተሸጠው ከሦስት ዓመት ወደ አምስት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ኮምፒዩተር ገዝቶ ቢልክልን፣ ደረሰኙንና ካርቶኑን አብሮ እንዲልክ እንለምነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት ስለ ባዮሱ ቁጥር ይጠይቅ።

በመጨረሻም ስለ ኃላፊነት አንድ ቃል ልናገር። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች ባለቤቶች ብዙዎቹ ባዮስ የሚባለውን ከፍተው አያውቁም፤ ቮልት የነካ እጅ አልነበራቸውም። ልኩን የወሰኑላቸው ሠሪዎቹ ናቸው። ከፋብሪካ የመጣ ልክ ሁሉ አንድ ሰው ስለ እኛ ሆኖ የቆረጠው ውሳኔ ነውና፣ የሚቆርጠው ሰው ከፍጥነት ነጥብ ይልቅ የዕቃውን ዕድሜ ማስቀደም ይገባው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፕሮሰሰሮች ከተሸጡ ጀምሮ ሥሩ እስኪገለጽ ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ይህ ለገዢው ረጅም ጊዜ ነው። ቢሆንም ስሕተትን በይፋ መናገርና ዋስትና ማራዘም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ከመሸፈን እንደሚሻል አልክድም።

እኛ ተማሪዎች ነገ መሐንዲስ፣ ጠጋኝ ወይም ነጋዴ እንሆናለን። ያን ጊዜ አንድ ሰው ታማሚ መሣሪያ ይዞ ቢመጣልን፣ ለአንድ ሳምንት ጸጥ የሚያሰኝ ብልሃት ሠርተን ገንዘቡን መቀበል እንችላለን፤ ወይም ሕመሙን መርምረን እውነቱን መንገር እንችላለን። ያ ወንድማችን በክፍል ያነሣውን ክርክር ደወል አቋርጦት ነበርና፣ መልሴ ይኸው፤ ቮልቱን ከመንካትህ በፊት ሕመሙን እወቅ፤ ያወቅኸውንም አትሸፍን።