«ዋጋ ለመጠየቅ ይደውሉ»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሱቅ ገብታችሁ «ይሄ ስንት ነው?» ስትሉት፣ ባለሱቁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ውጡና ከውጭ ደውሉልኝ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? «ጤናም የለው» ብላችሁ ወደ ጎረቤቱ ነው የምታልፉት። የኛ ነጋዴዎች ዌብሳይት ላይ ግን ይሄው ነገር እንደ ደንብ ተይዟል።

ነገሩን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። ዋሽንግተን የምትኖር የእህቴ ልጅ በ2017 ከፋሲካ በኋላ ልትሞሸር ነበርና ለመልሱ የምትለብሰው የሐበሻ ቀሚስ ፈለገች። የሽሮ ሜዳ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ጥለቱ የተለፋበት። ስትፈልግ አንድ የሽሮ ሜዳ ሱቅ ዌብሳይት አገኘች። (የሱቁን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ ያው ናቸው።) ስትገባ የተቀበላት «እንኳን ለ2011 ዓ.ም. አዲስ ዓመት አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እንቁጣጣሽ!

ሌላው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ራእይ አላቸው፣ ተልእኮ አላቸው፣ ስድስት ዋና ዋና እሴቶች አሏቸው፤ ዋጋ ግን የላቸውም። ፊደላችን ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እኮ በፈረንጆቹ 1999 ነው። ታዲያ ነጠላ የሚሸጥ ሰው ነጠላ ለሚለብስ ሰው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራው ለምንድን ነው? ውጭ የተወለዱት ልጆች እንግሊዝኛውን ይፈልጉት ይሆናል። እናቶቻቸውስ? ከፋዮቹ እናቶቹ አይደሉም እንዴ!

በየቀሚሱ ሥር «ዋጋ ለመጠየቅ ይደውሉ» ይላል። ደወለች፤ አይነሣም። የሰዓት ልዩነት ነው ብላ ሌሊት ተነሥታ ደወለች፤ አይነሣም። እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ሆኜ ሦስት ቀን ሞከርኩ። «ጋሼ፣ እስቲ ሄደህ እየው» አለችኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ። ጥፋቴን አልክድም። ግን ሙሽራ አትጠብቅም፤ ከሌላ አገር ሻጭ ገዛች። እዚያ ዋጋው ተጽፏል፤ የደረቱና የወገቡ ልክ በሴንቲሜትር ተቀምጧል፤ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ አልሆን ካለ እንዴት እንደሚመለስ ተነግሯል። የቀሚሱ ጥለት ግን አልተሸመነም፤ ፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመ ነው። ሽሮ ሜዳ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውለው፣ ከጋሞ ደጋ የመጣው ሸማኔ፣ ደንበኛ በሩ ድረስ መጥታ እንደተመለሰች እንኳ የነገረው የለም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ቢሆንም ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቲቱ ሴት ወርቅ ናት! «ይግቡ ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» ብላ በርጩማ አቀረበች፣ ቡና አስመጣች። ጋቢ ስገዛ የአንገት ልብስ መረቀችልኝ። ይቺን ሴት ደንበኛ አያያዝ የሚያስተምራት የለም። ስለ ዌብሳይቱ ሳነሣባት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይተዉኝ፣ ብር በላ እንጂ ምን አመጣ!» የሠራላት ልጅ የይለፍ ቃሉን እንደያዘ አገር ለቋል። በየዓመቱ በዶላር የሚታደሰውን ስሙን ውጭ ያለች ዘመዷ ትከፍልላታለች። ስልኩ የወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ሌላ ሥራ ይዟል።

«ዋጋውንስ ለምን አትጽፉም?» አልኳት።

«እንዴ! ጎረቤት አይቶ ይሰብርብኛላ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ ገቢዎች አሉ» አለች።

ሦስተኛውን ምክንያት እኔ ልንገራችሁ። የኛ ዋጋ የሚጻፈው በዕቃው ላይ ሳይሆን በገዢው ጫማ ላይ ነው። ገዢው ሲገባ ከእግሩ ተጀምሮ ይታያል፣ ከዚያ ይጠራለታል። ኢንተርኔት ላይ ጫማ አይታይም፤ ስለዚህ «ይደውሉ» ይባላል። ስልኩ ከውጭ አገር ከሆነ ያ ጫማ ማለት ነው። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ደንግጎ ነበር፤ እኛ ግን ኢንተርኔት ሕግ የማይደርስበት ጫካ መስሎናል።

«ዋጋው በየቀኑ እየተለዋወጠ እንዴት እንጻፍ?» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያየነውን አይተናል። ግን «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ይጸናል» ብሎ መጻፍ ስንት ፊደል ይፈጃል? ኢንተርኔቱ ራሱ ይጠፋል የሚለውንም እቀበላለሁ፤ በ2012 ክረምት ለሳምንታት ተዘግቶ አይተናል። የ2011ን እንቁጣጣሽ እስከ 2017 ያቆየው ግን ቴሌ አይደለም።

እናላችሁ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ በዱቤ ደብተሩ ላይ የማናችን ልጅ መቼ ወተት እንደጀመረ ሳይቀር ያውቅ ነበር። ለሠርጓ ቀሚስ የገዛች ሙሽራ በዓመት በሁለት ዓመቱ ለክርስትና የሕፃን ልብስ ትፈልጋለች፣ ለእናቷ ነጠላ ትፈልጋለች። ስሟንና ልኳን መዝግቦ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብሎ የሚጽፍላት ዌብሳይት ማን አለው? ያለን በየበዓሉ ለሁሉም የሚበተን፣ አበባና ሻማ የሞላበት «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል አገር ውስጥ ተቀምጠን፣ ቀሚሱ ከጥምቀት በፊት ይድረስ አይድረስ የሚናገር አንድ መስመር አንጽፍም። ስለ «ዲጂታል ማርኬቲንግ» በአዳራሽ የሚያሠለጥኑትም የላይክ ቁጥር ማብዛት እንጂ ስልክ ማንሣት ሲያስተምሩ አልሰማሁም።

ሠርጉ አለፈ። የእህቴ ልጅ በታተመው ጥለት አምራ ፎቶ ላከችልን፤ እናቷ ግን ፎቶውን አጉልታ ጥለቱን አየችና ዝም አለች።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ።

«ከዚህ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ ማን ልበል?»

«ቀሚስ ልጠይቅ ነበር፤ ዌብሳይታችሁ ላይ ያለውን፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን። ለመሆኑ ስንት ነው?» አልኩ፣ እልህ ይዞኝ።

ትንሽ ዝም አለና «መጥተው ቢያዩት ይሻላል» አለኝ።