የውጅግራና የክላሽ ክርክር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ሰዎች በማኅበር ወይም በሠርግ ተሰብስበው የአደን ነገር ሲያወሱ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ፤ «የአዳኝ መሣሪያ ውጅግራና ምንሽር ነበር፤ የዛሬ ልጅ በክላሽ ጥይት ያርከፈክፋል እንጂ አያድንም» ይላሉ። ጎልማሶቹ ደግሞ፤ «አንዱን ተኩሶ ሌላውን እስኪያጎርሱ ድረስ ነብሩ ገደሉን ይወርዳል፤ ጊዜ ያለፈበትን ብረት ምን እናደርገዋለን?» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ በሳቅ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ በቁጣ ይፈጸማል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ትተው ስለ ብረት ይሟገታሉ እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በመጀመሪያ የሽማግሌዎቹን ቃል እንመርምር። ውጅግራ የአባቶች መሣሪያ ነው ሲባል ከጥንት ጀምሮ ከአገሩ አፈር የበቀለ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ ራሱ እንግድነቱን ይመሰክራል። በፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» የተባለውን ጠመንጃ የእኛ ሰው ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ውጅግራ አለው። እንግሊዞች ስናይደር የሚሉትም ሰናድር ተባለ። ሰናድር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ በመጣው የእንግሊዝ ጦር እጅ የነበረ መሣሪያ ነው። ረሚንግተን ደግሞ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ከሆነው የግብፅ ጦር ተማርኮ በብዛት ወደ አገራችን ገባ። ከዚያም በፊት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ መርቶት ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከእጅ መንሻው ጋር ጠመንጃ ይዞ እንደ መጣ የታወቀ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ መሣሪያ በመጣበት ዘመን አዲስና መጤ ነበር። ጦርና ጋሻ ይዞ ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት ይገናኝ የነበረው ቅድመ አያት፣ የልጅ ልጁ ከሩቅ ተደግፎ በውጅግራ ሲተኩስ ቢያይ ኖሮ፣ ዛሬ ሽማግሌው ስለ ክላሽ የሚናገረውን ያንኑ ነቀፌታ ባልተናገረ ነበርን?

ከዚህም በቀር ብዙው ጠመንጃ ወደ እኛ የመጣው ሌላው ከጣለው በኋላ ነው። ፈረንሳዮች በእነርሱ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ያወጡትን ግራ የተባለውን ጠመንጃ በ1886 ዓ.ም. ጭስ በሌለው ባሩድ በሚተኩሰው በለበል ሲተኩት፣ አሮጌው በቀይ ባሕር በኩል ገበያ ፈለገ። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ያመጣቸው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎችም በካፕሱል የሚተኩሱ፣ በአውሮፓ ከተጣሉ ብዙ ዘመን የሆናቸው ነበሩ። ይህን የምንለው የአባቶቻችንን መሣሪያ ለማቃለል አይደለም። በዚያው ከልዩ ልዩ አገር በተሰበሰበ ጠመንጃ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሠራው ሥራ ለዓለም የታወቀ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት በመጣ ጊዜም ራስ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች በመንዝና በአካባቢው ገደል እየተከላከሉ የተዋጉት ባገኙትና በማረኩት መሣሪያ ነው። ክብሩ ግን የያዘው ሰው ክብር ነው እንጂ የብረቱ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ፤ «ውጅግራ ትዕግሥትን አስተማረን» ይላሉ። ትዕግሥቱ እውነት ነው፤ አስተማሪው ግን ሌላ ነው። ውጅግራ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ሲተኩስም በጭስ የሚሸፈን መሣሪያ ነው። የጥይቱም ነገር እንደ ዛሬ አልነበረም፤ ቀለሁ ተለቅሞ እንደ ገና ይሞላ ነበር፤ ጥይቱም እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ላይ መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ስለዚህ ያ አዳኝ ቃታ በሳበ ቁጥር ከመቀነቱ ገንዘብ ፈትቶ ይጥል ነበር ማለት ነው። ነፋሱን የሚለካው፣ ፋናውን የሚከተለው፣ ድኩላው ጎኑን እስኪሰጠው ድረስ ከቋጥኝ ሥር ተኝቶ የሚጠብቀው፣ ቢስት ኪሳራው የራሱ ስለ ሆነ ነው። ትዕግሥትን ያስተማረው የጥይቱ ውድነት ነው እንጂ የጠመንጃው ጠባይ አይደለም። ውድነቱ ሲቀር ትዕግሥቱም አብሮ ቢቀር ምን ያስደንቃል? በእጥረት ላይ የተመሠረተ ጨዋነት እጥረቱ ባለፈ ጊዜ ይፈርሳል።

ደግሞም ያ ዘመን ለአውሬው የምሕረት ዘመን አልነበረም። ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ ይሾም ይሸለም፣ በፉከራ ስሙ ይጠራ ነበር። የዝሆኑም ጥርስ ከወርቅና ከዝባድ ጋር ወደ ባሕር ወርዶ በጠመንጃ ይለወጥ ነበር። ዝሆን በጠመንጃ ይሞታል፤ ጥርሱም ሌላ ጠመንጃ ይገዛል፤ ያም ጠመንጃ ሌላ ዝሆን ይገድላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ክላሽ ገና አልተፈጠረም። አራዊቱን ማሳነስ የተጀመረው እኛ ዛሬ በናፍቆት በምናነሣቸው መሣሪያዎች ነውና፣ ጥፋቱን ሁሉ በዛሬው ልጅ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጎልማሶቹ እንመለስ። ክላሽ በሶቪየት ኅብረት የተፈጠረ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶቪየት በመጣው የጦር መሣሪያ ጋር በአገራችን የበዛ፣ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ደግሞ በየገጠሩ የተሠራጨ መሣሪያ ነው። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፤ የተሠራውም ወታደር በቅርብ ርቀት ወታደርን እንዲዋጋበት ነው። በዚህ መሣሪያ ከጀማ ወይም ከወንጪት ገደል አፋፍ ቆሞ በሰስ መንጋ ላይ የሚያርከፈክፍ ሰው አንዱን ቢጥል ሌሎቹን አቍስሎ ይሰዳል፤ የቈሰለው ዋሻ ገብቶ የጅብ ሲሳይ ይሆናል። «ፈጣን ነውና ይበልጣል» የሚለው ክርክር የት እንደሚያደርስ እንጠይቅ። ፍጥነት የአደን ሙያ መለኪያ ከሆነ፣ ሙያው የፋብሪካው ነው፤ የአዳኙ ድርሻ ምን ቀረ? አባቱ የአውሬውን መንገድ፣ የነፋሱን መዞሪያ፣ የገደሉን በር ያውቅ ነበር። ልጁ የካዝናውን ቍጥር ብቻ ካወቀ፣ መሣሪያው አደገ እንጂ ሰውየው አደገ ልንል አንችልም።

«ዝንጀሮና ጭላዳ ገብሳችንን ሲፈጁ፣ ነብር ፍየላችንን ሲወስድ ዝም እንበልን?» የሚል ይኖራል። ይህ ከቶ የሚናቅ ቃል አይደለም፤ ደጋ ላይ በሠፈር ጫፍ የሚያርስ ገበሬ ጉዳቱን በየዓመቱ ያየዋል። ነገር ግን እርሻ መጠበቅ ሌላ፣ አደን ሌላ ነው። ዝንጀሮን ከማሳ የሚመልሰው ጠባቂ፣ ወንጭፍና ውሻ ነው፤ በ30 ጥይት የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ጠመንጃ በበዛበት አገር ዝንጀሮ ባልተረፈ ነበር። ያለ ፈቃድ ማደንንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ከልክሎታል፤ የጦር መሣሪያ አያያዝንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 በፈቃድ ወስኖታል።

እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል የሚለው አይደለም፤ ጥይት ከእጥረት ወጥቶ በበዛበት ዘመን እጃችንን የሚይዘው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አፈሮ እየመረጡ፣ የጓሳውን ሣር ለሦስትም ለአምስትም ዓመት እየዘጉ፣ በደረሰ ጊዜ በስምምነት እየከፈቱ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ያጭዱ ነበር። ሣሩ በዓይናቸው ፊት ሞልቶ ሳለ ማጭዳቸውን ይዘው የታገሡት ስላጡ አይደለም፤ ስለ ተስማሙ ነው። ይህ ነው የውጅግራን ትዕግሥት የሚበልጠው ትዕግሥት። ሥርዓቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቢዳከምም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ አንሥቶታል፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውና ቍጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ የሚሆነው ቀይ ቀበሮም ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ይኸው ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮን ለመፍጀት ክላሽ አያስፈልግም፤ ሰናድርም ይበቃል። ለማዳን ግን ከሰናድርም ከክላሽም የሚበልጥ ስምምነት ያስፈልጋል።

ስለዚህ እናንተ በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ በሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት፣ ጠመንጃውን ብቻ ቈጥራችሁ አትመለሱ፤ የአፈሮውን ወንበርም አክብሩ፤ ሕግ ያለ አገሬው ስምምነት በመዝገብ ውስጥ ይቀራልና። እናንተ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ላኩ፤ ለጠመንጃ ውዳሴ ሳይሆን፣ ስለ ፋና፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አራዊት ጠባይ የሚያውቁትን ጽፈው እንዲያስቀሩ፤ ያ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋር እየተቀበረ ነውና። እናንተም ተማሪዎች፣ በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ በሚተኮስ ጥይት ወንድነትን አትለኩ። የገዳይ ልጅ መባል ክብር የነበረበት ዘመን አልፏል፤ ቀይ ቀበሮ በጓሳ፣ ሰስ በወንጪት ገደል እንዲኖር ያደረገ ትውልድ ልጅ መባል የሚያስከብርበትን ዘመን ማምጣት የእናንተ ፈንታ ነው።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ውጅግራውን ከግድግዳው ላይ ያንጠልጥለው፤ ጎልማሳውም መሣሪያውን በሕግ ይያዘው። ሁለቱም በአንድ ማኅበር ተቀምጠው የሚከራከሩበት ነገር ግን ሌላ ይሁን፤ ይኸውም፤ «ዘንድሮ ስንት ገደልን?» ሳይሆን «ዘንድሮ ስንት ተረፈልን?» የሚል ነው።