ሚኒባስ ለቤተሰብ ሲገዛ፦ አዲሱ ወይስ የቆየው?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከወትሮው ለየት ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል። መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው፤ የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ስለ ሞተርና ስለ ወንበር ምን አገባው? የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ ልጅ ታቅፋ የምትቀመጠው እናት ናት። መኪናው የሚገዛበት ገንዘብ የሚወጣው ከቤተሰቡ ጓዳ ነው። ዕዳ ሲመጣም የሚጎድለው ከልጆች መሶብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው።

ለጽሑፋችን መነሻ የሆነን ከከምባታ ዞን፣ ከአንጋጫ የደረሰን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች እንዳደረጉት ሁሉ የእኒህም እናት ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ቤተሰቡ ሚኒባስ ገዝቶ በአንጋጫና በሆሳዕና መካከል እንዲያሠራ፣ በበዓል ጊዜም ዘመድ እንዲያመላልስበት ገንዘብ ልኳል። አባትየው አዲሱን ቅርጽ ወደውታል። ገንዘቡ ግን ስለማይበቃ ሁለቱን ላሞች ሸጠው፣ ከእንሰት ማሳውም ከፊሉን ለዓመታት አከራይተው ለመሙላት አስበዋል። እናትየው ደግሞ ‹‹ዶልፊን›› የሚባለው የቆየው ዓይነት በዋጋም በጥገናም ይቀላልና እርሱ ይበቃናል ይላሉ። በዚህ ምክንያት በቤቱ ውስጥ ንግግሩ ከርሯል። የትኛው ይሻላል? ሲሉ ጠይቀውናል።

መልሱን ከመስጠታችን በፊት የመኪናውን ትውልድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሀገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የቶዮታ ኩባንያ ሚኒባስ፣ ይኸውም ሃይኤስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ በየጊዜው ተለውጧል። ሕዝቡ በተለምዶ ‹‹ዶልፊን›› የሚለው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ ጣሪያው ከፍ ያለው ‹‹አባዱላ›› ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዲሱ ደግሞ ከፊቱ አጭር አፍንጫ ያለው ነው። አባትየው የወደዱት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ እናትየው የያዙት የመጀመሪያውን ነው። መካከለኛውን ግን ሁለቱም አላነሡትም።

አዲስና አሮጌን ማወዳደር በእኛ አልተጀመረም። በአውሮፓ ‹‹ካምፐር›› የሚባል መኪና አለ፤ በውስጡ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ ስላለው ቤተሰብ ለዕረፍት ሲወጣ ያድርበታል። የጀርመኑ ቮልስዋገን ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው ኮምቢ ለዚህ አገልግሎት እጅግ ተወዳጅ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1990 ሞተሩን ወደ ፊት ባዛወረ ጊዜ የቀድሞው ይሻለናል ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ አሮጌውን እያደሱ እስከ ዛሬ የሚይዙትም አሉ። የእኛ እናቶች በመኪና ውስጥ አልጋ አያነጥፉም። ይሁን እንጂ ለመሳላ ወይም ለያሆዴ ከአዲስ አበባ ሲነሡ፣ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና ለመድረስ ብቻ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ልጅ የሚጠባውም፣ የሚተኛውም፣ ስንቅ የሚበላውም በዚያው ወንበር ላይ ነው። ለዚያ ቀን መኪናው ቤታቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚመዘነው የሕይወት ደህንነት ነው። በዶልፊንም ሆነ በአባዱላ ሞተሩ የተቀመጠው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ሹፌሩና ከጎኑ የሚቀመጡት ተሳፋሪዎች ጉልበታቸው ከመኪናው ግንባር ጋር የተጠጋ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ግጭት ቢደርስ ከአደጋው የሚያርቃቸው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ሴቶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በሀገራችን ነፍሰ ጡር ሴት ወይም አራስ ስትሳፈር ‹‹ከፊት ትቀመጥ›› ተብሎ በአክብሮት ቦታ ይለቀቅላታል። ልማዱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ መኪኖች የክብር ቦታ የተባለው የሞተሩ ሙቀት የሚበረታበትና ለግጭት ከሁሉ በላይ የተጋለጠው ቦታ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሻላት ከሹፌሩ ኋላ ባለው ረድፍ፣ ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።

አዲሱ ቅርጽ አፍንጫ ያወጣው ለጌጥ አይደለም። ሞተሩ ከወንበር ሥር ወጥቶ ወደ ፊት በመዛወሩ፣ ግጭት ሲደርስ በቅድሚያ የሚጨማደደው አፍንጫው ነው፤ ኃይሉም ሰው ዘንድ ሳይደርስ ይቀንሳል። ከፊት የሚቀመጡትም ከሙቀቱና ከጩኸቱ ይገላገላሉ። ሞተሩን ለማየት ተሳፋሪ አስወርዶ ወንበር መገልበጥ ቀርቶ ክዳኑን ከፊት መክፈት ይበቃል። ስለሆነም በደህንነት በኩል አባትየው እውነት አላቸው፤ አዲሱ ይበልጣል።

ይሁንና ይህ ብልጫ የሚሠራው መኪናው በልኩ ሲጫንና ቀበቶ ሲታሰር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ሰው የሚደርስበት ምት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ ከመውደቅ ጋር ይመሳሰላል። በእናቱ ጭን ላይ ያለን ሕፃን በዚያች ቅጽበት በክንድ ብርታት ይዞ ማስቀረት የምትችል እናት የለችም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በመኪና አደጋ የመሞትን ዕድል እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሰው ከተጠጋጋበት፣ በመተላለፊያውም ላይ በርጩማ ከተደረደረበት፣ አዲሱ መኪና ከአሮጌው የሚለየው በቀለሙ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው የሚመዘነው ጥገና ነው። በዚህ በኩል እናትየው ያሸንፋሉ። የቆዩት ሞተሮች በአብዛኛው በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ ቀላል ዲዝሎች በመሆናቸው በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ያሉ መካኒኮች ለዓመታት ለምደዋቸዋል፤ መለዋወጫቸውም አዲስም አሮጌም ይገኛል። የአዲሱ ሞተር ግን በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝና በከፍተኛ ግፊት ነዳጅ የሚረጭ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጉልበትም አለው። ነገር ግን ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ነዳጅ ቢቀዳለት የሚበላሸው ዕቃ ውድ ነው፤ ሕመሙን ለማወቅም የኮምፒዩተር መመርመሪያ ይፈልጋል። በክረምት ጭቃ ላይ መኪና ቆሞ ባለሙያ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ሲጠበቅ ገቢው ይቋረጣል።

መጠኑም መታየት አለበት። ከአዲሱ ረጅሙ 5 ሜትር ከ91 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ረጅሙ 5 ሜትር ከ38 ነው። በከተማ አስፋልት ላይ ከግማሽ ሜትር የሚበልጠው ይህ ልዩነት አይሰማም። በአንጋጫ ዙሪያ ባሉት ጠባብና ጠመዝማዛ የደጋ መንገዶች ላይ መኪና ማዞር ሲያስፈልግ ግን ሹፌሩ ያውቀዋል።

ልጃቸው በሚሠራበት በደቡብ አፍሪካ የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ይኸው መኪና ‹‹ኳንተም›› በሚል ስም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 አዲሱ ቅርጽ ሲመጣ የቀድሞው አልቀረም፤ ‹‹ሰስፊኪሌ›› ተብሎ በደርባን ለታክሲ ሥራ መገጣጠሙ ቀጥሏል። በመኪና ብዛት ከእኛ በሚበልጥ ሀገር እንኳ ለሕዝብ ማመላለሻ የሚሆን መኪና ሲመረጥ ዋጋና ጥገና ምን ያህል እንደሚከብዱ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሚዛን፣ መኪናው የሚገዛው በምን ገንዘብ ነው? የሚለው ነው። መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ያረጃል። እንሰት ግን በየዓመቱ ይወፍራል። እንደ አካባቢው ብርድ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚደርስ ተክል ነው። ዛሬ ከእጅ የወጣ ማሳ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ተክሉ በየዕድሜው ተደርድሮ አይጠብቅም፤ ከችግኙ እንደገና ይጀመራል። ቆጮውና ቡላው የቤቱ የክፉ ቀን ዋስትና ነው። ላሟም ብትሆን ወተቷ ለልጆች፣ ቅቤዋ ለእናትየው የገበያ ቀን ገቢ ነው። ላም ተሸጦ መኪና ሲገዛ ቤተሰቡ ሀብት ለወጠ ይባል ይሆናል፤ በእውነቱ ግን ከእናት እጅ የነበረ ገቢ ወደ ሌላ እጅ ተዛወረ ማለት ነው። ይህን በግልጽ ሳይነጋገሩ መወሰን በኋላ ቅሬታን ያመጣል።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ መኪና የሚያፈላልግ ሰው የዋጋውን መወደድ ያየዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ግዙ የሚል ደላላ ቢመጣ፣ ከሁሉ በፊት በመስመሩ ላይ ባትሪው የሚሞላበት ቦታና የሚጠግን ባለሙያ አለ ወይ? ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ይህን ሁሉ ስንመዝን ለአንጋጫዋ እናት የምንሰጠው ምክር የሚከተለው ነው። እናታችን፣ እርስዎ ያሉት ዶልፊን ዋጋው ቢቀልም ዕድሜው ገፍቷል፤ ዛሬ የሚቆጥቡትን ነገ ለጋራዥ ሊከፍሉት ይችላሉ። ባለቤትዎ የወደዱት ደግሞ ለሕይወት የሚሻል ሆኖ ሳለ፣ እንሰትና ላም አስከፍሎ ከመጣ ቤቱን ያራቁታል። ልጅዎ የላከው ገንዘብ የሚችለው ከሆነ መካከለኛውን፣ ብዙ ያልሠራውን፣ አጥንቱ ደህና የሆነውን ይምረጡ። ከዋጋው የሚተርፈውን ብር ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለቀበቶና ለመጠባበቂያ ያውሉት። አዲሱን መግዛት የሚገባው ማሳና ላም ሳይነኩ፣ ያለ ዕዳ መግዛት ሲቻል ነው። ያን ጊዜ ያለ ማመንታት አዲሱ ይሁን።

ከመግዛት በፊት ባልና ሚስት አብረው ሄደው ሊያዩአቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሳፋሪ ነበር ወይስ የጭነት? ለጭነት ተሠርቶ በኋላ ወንበር የተገጠመለት ከሆነ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን ጠብቀው መታሰራቸውን በእጅ ነቅንቆ ማየት ያስፈልጋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ሥራውን ከሻጩ ጋር ያልተወዳጀ ባለሙያ ይመርምረው። ቀበቶዎቹ ተቆርጠው ወይም ወንበር ሥር ተቀብረው እንደሆነ ይታይ። የተንሸራታቹ በር ከውስጥም ከውጭም መከፈቱ ይሞከር። እናትየው ራሳቸው ከኋላኛው ወንበር ተቀምጠው ጥቂት መንገድ ቢሄዱ፣ ሹፌር ከማያውቀው ብዙ ነገር ይረዳሉ።

በመጨረሻም ወረቀቱን አንርሳ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ሊብሬው በማን ስም ይሁን? የሚለው ጥያቄ ነውር አይደለም፤ በሁለቱም ስም ይሁን ማለትም ባልን አለማመን አይደለም። ከሩቅ ሀገር ገንዘብ የላከው ልጅም ድርሻው ስጦታ ነው ወይስ ብድር ወይስ ሽርክና? ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ። ልጁ አንድ ቀን ሚስት አግብቶ ሲመለስ፣ ወይም ወንድሞቹ ሲያድጉ፣ ያልተጻፈ ነገር የጠብ ምንጭ ይሆናል። የዕለቱ ገቢም በደብተር ይመዝገብ፤ ደብተሩን ከእናትየው ይልቅ በጥንቃቄ የሚይዝ አይገኝም፤ የእቁብ ሒሳብ ስንት ዓመት ይዘዋልና።

እህቶችና እናቶች፣ መኪና ለቤተሰብ ሲገዛ አዲስነቱን ወይም ርካሽነቱን ብቻ አንመልከት። ሕፃኑ የት ይቀመጣል? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? የገዛነው ምን ሰጥተን ነው? ብለን እንጠይቅ። ለሦስቱም ጥያቄዎች ባልና ሚስት አንድ መልስ ካገኙ መኪናው በረከት ይሆናል። ካላገኙ ግን ገንዘቡ ጥቂት ጊዜ ባንክ ቢቆይ ምንም አይጎዳም።