የደከሙ ቃላት ይረፉ
(ለብዕር ወዳጆቼ የቀረበ ሙግት)



ባለፈው እትማችን የወጡትን ግጥሞችና አጫጭር ታሪኮች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ጸሐፊዎቹ ሁሉም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አብረን ውኃ የምንቀዳ፣ አብረን ለራሽን የምንሰለፍ። ስለዚህ ቂም እንዳይያዝብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ነገሩ ግን መነገር አለበት፤ ከሥሩ ስም ባይጻፍ ኖሮ የትኛው ጽሑፍ የማን እንደሆነ መለየት ባልተቻለ ነበር። በአንዱ ገጽ «የመከራ ጽዋ» እንጎነጫለን፤ በሚቀጥለው «የእንባ ጎርፍ» ይወስደናል፤ ከዚያ «በጨለማው ዘመን» «የስደት ጅራፍ» ይገርፈናል፤ መደምደሚያው ላይ ደግሞ «የነጻነት ጎህ» ሳይቀድ አይቀርም። ባለታሪኩ ገበሬ ይሁን ተማሪ፣ ከጎንደር ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ዕቃው ያው ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይላል ያገሬ ሰው።

«ታዲያ ምን አለበት? ቁም ነገሩ መልእክቱ ነው» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባለፈው እሁድ በንባቡ ላይም ይኸው ተብሏል። እኔ ይህን አባባል እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም በራሴ እጅ ካጠፋሁት ጥፋት ተነሥቼ ነው።

ዴም ሳለሁ፣ ማለትም የካርቱሙ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ ማታ ማታ ልጆች አስተምር፣ ቀን ቀን ደግሞ ለሰው ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዤው የወጣሁት ሀብት ጥሩ የእጅ ጽሕፈትና በደብተር የተሰበሰቡ «ያማሩ ቃላት» ነበሩ። አንዲት ጎረቤቴ፣ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖር እህት፣ «መምህር፣ ለኬዜ ቃሌን ጻፍልኝ» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል አወራችኝ። እኔ ግን የሰማኋት በግማሽ ጆሮ ነበር፤ እጄ ወደ ለመደው ይሮጥ ነበርና። «በአረመኔዎች እጅ ወድቄ፣ ተነግሮ የማያልቅ ግፍና በደል ተፈጽሞብኝ፣ የመከራን ጽዋ ተጎንጭቼ…» እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ሳነብላት አለቀሰች። እኔም ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከቢሮው ስትመለስ ወረቀቱን እንደያዘች ነበር። አስተርጓሚው ሁለቱን ገጽ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሶት፣ ጠያቂው «ይህን ሁሉም ሰው ይላል፤ በአንቺ ላይ የደረሰው ምንድን ነው?» ብሎ መለሳት። እኔ ተቆጣሁ፤ ልብ የሌላቸው ናቸው አልኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «መምህር፣ ጫማውን አልጻፍከውም እኮ» አለችኝ።

የምን ጫማ? አልኳት። ለካ ነግራኝ ኖሯል። ባሏን የወሰዱት ማታ፣ እራት ቀርቦ ሳለ ነው። ከእንጀራው የጎደለው ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ነበር። ጫማዬን ላድርግ ብሎ የቀኙን እንዳደረገ አስነሡት፤ የግራው አልጋ ሥር ቀረ። ድንበር ስታቋርጥ ያንን ጫማ በፌስታል ቋጥራ ይዛው መጣች። ዴም ክፍሏ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ስንት ቀን አይቼዋለሁ፤ የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይህን ሁሉ እኔ «ግፍና በደል» በሚል ጨርቅ ጠቅልዬ ቀበርኩት።

እንደገና ጻፍን፤ በዚህኛው ጊዜ እሷ እየተናገረች፣ እኔ እየገለበጥኩ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ያንን ይዛ ስትሄድ ግማሽ ቀን ሙሉ ጠየቋት። መልሱ ሳይመጣ ጦርነቱ ደረሰ፤ ሰፈሩም ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። በመጀመሪያው ቀን ጫማውን ብጽፈው ኖሮ ስንት ወር ይተርፍላት እንደነበር፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት እቆጥራለሁ።

እንግዲህ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ መልእክቱ ነበረ፤ የታጣው ቃሉ ነው።

ይህ ድካም ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የዘመኑ ምሁራን ለአዲሱ ነገር አዲስ ቃል ሲፈልጉ ወደ ግዕዝ ወረዱ። «አብዮት» ከ«አበየ» ነው፤ እምቢ አለ ማለት። «አድኃሪ» ከ«ድኅረ» ነው፤ ወደ ኋላ የሚጎትት። «ወዛደር» ደግሞ በወዙ የሚያድር ነው፤ «ወታደር» ከሚለው ጋር ሲሰማ ጆሮ የሚቀበለው ቃል። እንደ ቋንቋ መምህር ስመዝነው አሠራሩን አደንቃለሁ። ጥፋቱ የመጣው ቃሉ ማሳየት ትቶ መለያ ሲሆን ነው። ደርግና መኢሶን «ወዛደር» ሲሉ ኢሕአፓ «ላብ አደር» ይል ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሰው ያው አንድ ሰው ነው፤ ግን አንዱን ቃል የመረጠ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይታወቅበት ነበር። ስለ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ ልጆቹ ማን ጻፈ?

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ነጻ እርምጃ» የሚባል ነገር ነበር። ወጣት በየመንገዱ ሲገደል «እርምጃ ተወሰደበት» ተባለ። «ገደለ» ብትል ገዳይ ያስፈልግሃል፤ አድራጊ ግሥ ነውና። «ተወሰደ» ግን ተደራጊ ነው፤ ማን ወሰደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናት በር ላይ ቆማ ያየችው ሬሳ በራዲዮ ሲነገር እርምጃ ሆነ።

አሁን የኛን ጽሑፎች አንሡና ተመልከቱ። «ግፍ ተፈጸመብን»፣ «መከራ ደረሰብን»፣ «እንግልት ተፈራረቀብን»። የምን ግሥ ነው? ያው አድራጊው የማይታይበት ነው! ገዳዩ የተደበቀበትን ሰዋስው እኛ ተገዳዮቹ ተረክበን እንጽፍበታለን። በዳያችን ስሙና ፊቱ እንዲጠፋ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኝ ነበር?

በኛ ብቻ የደረሰም አይደለም። ቪክቶር ክሌምፐረር የሚባል ከአይሁድ የተወለደ የድሬዝደን የቋንቋ ፕሮፌሰር፣ ናዚዎች ከሥራው አባርረው በስጋት ሲያኖሩት፣ የሚናገሩትን ቃል በማስታወሻው ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ካስደነገጡት ነገሮች አንዱ፣ የሚሳደዱት ሰዎች ራሳቸው በአሳዳጆቻቸው ቃል መናገራቸው ነበር። ቃል እንደ ጉንፋን ይጋባል፤ የያዘው ሰው ወዲያው አያውቀውም።

«ሐዘንተኛ ቃል አይመርጥም፤ ያቃጠለው ሰው እንደመጣለት ይጮኻል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው? ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ አታውቁምን? ጥሩ አልቃሽ ከመጀመሯ በፊት ትጠይቃለች፤ ሟቹ የማን ልጅ ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ሠርቶ አለፈ ትላለች። ከዚያ በቅሎውን፣ ጠመንጃውን፣ ለጎረቤት የዋለውን ውለታ እየጠራች ስትገጥም ድንኳኑ በሙሉ ይነሣል። «ክፉ ሞት ወሰደው» ብቻ ብላ የምትመለስ አልቃሽ ሁለተኛ የሚጠራት የለም። ያልተማሩት እናቶቻችን የሚያውቁትን እኛ ደብተር ይዘን ረሳነው።

ሌላው ደግሞ «መምህሩ ከባድ ቃል ጻፉ እያለን ነው፤ ሕዝቡ አይገባውም» ይል ይሆናል። የለም። የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ገልጦ ማንም የማያውቀውን ቃል መልቀም ሌላው በሽታ ነው። የምፈልገው ቃል በየቀኑ በአፋችን አለ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ላወጣው ልብ ወለድ ስም ሲያስፈልገው ከመፈክር አልወሰደም፤ ከጣሊያንኛ ወርሶ የአሥመራ ሰው በመንገድ የሚለውን አንድ ቃል አነሣ፤ «ኦሮማይ»፣ አለቀ፣ አከተመ እንደማለት። በየካቲት 1976 ዓ.ም. እሱ ራሱ ከወጣበት ሳይመለስ ቀረ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይጮኻል።

እኛስ? ዴም የኖረ ሰው ሁሉ «ከሻ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ፖሊስ በመኪና መጥቶ ወረቀት የሌለውን ሲያፍስ «ከሻ! ከሻ!» የሚል ድምፅ ከበር በር ይሮጥ ነበር፤ ቡና የምታፈላ ጀበናዋን ጥላ፣ ወንዱ በግድግዳ ዘልሎ። ይህ ቃል በቅጠላችን ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ተጽፎ አላየሁም። በምትኩ «የስደት ጅራፍ» አለ። ለመሆኑ ከመካከላችን ጅራፍ የቀመሰ ስንት ነው? ከከሻ ያልሮጠስ ማን ነው? ሃቡብ ሲነሣ በእንጀራው ላይ የሚነፋው አሸዋ፣ ክፍል ሲከራይ ኤጋማ የሚጠይቀው ባለቤት፣ ረክሻ ውስጥ አማርኛ ላለመናገር አፍ መያዝ፣ እነዚህ የኛ ናቸው። እኛ ካልጻፍናቸው የሚጽፋቸው የለም።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉም ለጸሐፊዎቻችንም ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «የመከራ ጽዋ»፣ «የእንባ ጎርፍ»፣ «የስደት ጅራፍ»፣ «የጨለማው ዘመን» እና «የነጻነት ጎህ» ለሚመጡት ሦስት እትሞች እረፍት ይውጡ። ጽዋ የማኅበር ጽዋ ሆኖ፣ ጎህም ገበሬው በሬውን ሲጠምድ የሚቀደው ጎህ ሆኖ ሲመለስ በደስታ እንቀበለዋለን።

ሁለተኛ፣ «ተደረገብን» ያለ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ የት የሚለውን ይጨምር። ስም መጥራት ለዘመድ የሚያሰጋ ከሆነ ስሙ ይቅር፤ ግን ሰዓቱ፣ በሩ፣ ጫማው ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ለገልባጮቹ ከመሰጠቱ በፊት ለአንድ ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብ። ይህች ቅጠል በእጅ እንደምትገለበጥ አትርሱ። አንድ የሞተ ቃል በጻፋችሁ ቁጥር አንድ እህት በኩራዝ ብርሃን ያንኑ ቃል በየቅጂው ትደግመዋለች። ቀለሙም ወረቀቱም ከአፋችን ተቀንሶ የሚገዛ ነው።

ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩት ከዚህች ቅጠል ነው። ሌላ መጽሐፍ የላቸውም። አገራቸውን ያላዩ ልጆች ከኛ የሚወርሱት «ግፍ» የሚል ባዶ ከረጢት ብቻ ከሆነ፣ ነገ ምን ደረሰባችሁ ሲባሉ ከረጢቱን ያሳያሉ፤ ጠያቂውም «ይህን ሁሉም ሰው ይላል» ብሎ ይመልሳቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥም የደከመ ቃል ያገኘ ሰው በሚቀጥለው እትም ያጋልጠኝ። አልቀየምም።

ከዴም የመጣው መምህር