በረኪናው ከመከፈቱ በፊት

አልጫ ወጥ ነጭ የተማሪ ሸሚዝ ላይ ሲንጠባጠብ መጀመሪያ የሚታየው ቢጫ ነው። ሸሚዙ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ሳሙና ሲነካው ቢጫው ድንገት ይቀላል። አጣቢዋ ትደነግጣለች፤ «ባሰበት» ትላለች፤ እጇም ወደ በረኪናው ይሄዳል። እድፉ ግን አልባሰበትም። የእርድ ቀለም ሳሙና ሲያገኘው ይቀላል፣ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው። ይህ ቀለም አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ ፀሐይ አይችልም። በሳሙና ታሽቶ፣ ተለቅልቆ፣ እርጥብ እንዳለ ጠራራ ላይ ከተሰጣ አንዳንዴ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴ በሁለትና በሦስት ቀን እየደበዘዘ ይጠፋል። በረኪናም ያጠፋዋል፤ አልክድም። ልዩነቱ በረኪናው ከእርዱ ጋር ከሸሚዙም ጥቂት ይዞ መሄዱ ነው።

የልጆችን ልብስ ዕድሜ የሚያሳጥረው፣ በእኔ እምነት፣ ከእድፉ ይልቅ ችኮላችን ነው። እድፍ ሁሉ አንድ ስለሚመስለን መድኃኒቱንም አንድ አድርገነዋል፤ የፈላ ውሃ፣ በረኪና፣ ፍትጊያ። ከአንድ ላም የተገኙት ወተትና ቅቤ እንኳ ልብስ ላይ ሲፈሱ የሚፈልጉት ውሃ ተቃራኒ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ደም፣ ሕፃን ያቀረሸው ሁሉ ፕሮቲን አለበት፤ ፕሮቲን ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው መጥበሻ ላይ እንዳለ እንቁላል ይረጋና ክሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ለእነዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ይቅደም፣ ሳሙናው ይከተል። ቅቤን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ያረጋዋል፤ የሚያላቅቀው ለብ ያለው ነው። ቀይ ወጥም ከቅቤው ወገን ነው። የበርበሬ ቅላት በቅባት እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ፣ ወጥ የነካው ልብስ ላይ ውሃ መድፋት እድፉን ከማስፋት በቀር ፋይዳ የለውም። ልብሱ ደረቅ እንዳለ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጎ፣ በጣት አሽቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትቶ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ነው። የተረፈውን ቅላት እንደ እርዱ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ጭቃ ደግሞ መጀመሪያውኑ ውሃ አይፈልግም፤ ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ በብሩሽ ይመታ፣ ከዚያ ይታጠብ። እርጥቡን ማሸት ቀዩን አፈር ክሩ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል፤ ከኮቪድ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቀረው ሳኒታይዘር ለዚህ ይሆናል፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው እንዳያልፍ ብቻ ከሥር አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ። ከዚህ ሁሉ በፊት ካውያ ካረፈበት ግን እድፉ ተተኮሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለቀው በብዙ ልፋት ነው፣ ከለቀቀም።

የበረኪናን ስም ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ የሚሠራውም እንደ ሳሙና አይደለም። ሳሙና ቆሻሻውን ከክሩ አላቆ ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። በረኪና የቀለሙን ተፈጥሮ ያፈርሳል፤ ቆሻሻው እዚያው ቢቀር እንኳ ዓይን አያየውም። ችግሩ እድፍንና ክርን ለይቶ አለማወቁ ላይ ነው። ጥጥን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል፤ የሸሚዝ ኮሌታና ክርን ሳይጠበቅ የሚተረተረው አንዳንዴ በልጁ እንቅስቃሴ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። የካልሲንና የውስጥ ሱሪን ላስቲክ ያደርቃል። እውነተኛ ሱፍ ሹራብን ይበላዋል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዝገት ላይ የሚያደርገው ነው። ከአሮጌ ቧንቧ ወይም ከቆርቆሮ የመጣ ቡናማ ነጠብጣብ በረኪና ሲነካው ይበልጥ ይጸናል እንጂ አይለቅም። ለዝገት ሎሚና ጨው ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያውም በረኪናው ፈጽሞ ካልነካው፣ ወይም ከልብሱ ላይ ተለቅልቆ ካለቀ በኋላ ብቻ።

ይህን የምለው ለሸሚዙ ብቻ ብዬ አይደለም። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቸቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1915 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን በጉድጓዳቸው ውስጥ ያነቀው ይኸው ጋዝ ነው፣ መጠኑ ቢለያይም። የልጆች ልብስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ያደረ ሽንት አሞኒያ ይፈጥራል፤ ሌሊት የራሰ አንሶላና ሱሪ ሳይለቀለቅ በረኪና ሲደፋበት የሚወጣው ዓይን የሚያስለቅስ፣ ሳል የሚያስነሳ ሽታ «የበረኪና ጠባይ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሁለቱ ድብልቅ የሚፈጥረው ሌላ መርዘኛ ጋዝ ነው፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በየሰፈሩ በረኪና «ሃይላንድ» በምንለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየተቀዳ ይሸጣል። መልኩ ውሃ ይመስላል፣ ዕቃውም የውሃ ነው፤ ተጫውቶ ተጠምቶ የገባ የሦስት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይለየው? አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ጠንካራው ዓይነት የምግብ ቧንቧን ሊያቆስል ይችላል። ለማስመለስ መሞከር ደግሞ ያንኑ ቃጠሎ ሁለተኛ ጊዜ ማሳለፍ ነው፤ ልጁን ማስመለስ ሳይሆን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው የሚገባው። የአንድ ሸሚዝ ንጣት ይህን ያህል ዋጋ አያወጣም።

«በረኪና ጀርም ይገድላል፣ የልጅ ልብስ ያለ እሱ አይጸዳም» የሚለው መከራከሪያ ግማሹ እውነት ነው። ይገድላል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የቆሸሸበትን አንሶላ ካጠቡና ከለቀለቁ በኋላ በተመጠነ በረኪና መዘፍዘፍ ተገቢ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም ወለሉም ይፈልገዋል። የዕለት ተዕለቱ የሽሮ ነጠብጣብ ግን በሽታ አይደለም፤ ሳሙና፣ በቂ ማለቅለቅና ፀሐይ ይበቁታል። በዚያ ላይ በረኪና ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል። በጠራ ፕላስቲክ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደርድሮ የሰነበተው ምን ያህል እንደቀረው ሻጩም ገዢውም አያውቁም፤ አንዱን ጠርሙስ በክዳን፣ ሌላውን በጣሳ የምንጨምረው በግምት ነው። ጀርም እገድላለሁ ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መሠረት አይመስለኝም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የውሃው ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ቤት «ቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ፣ ለብ ያለው ተከትሎ» ማለት የቅንጦት ምክር ሊመስል ይችላል። ሒሳቡ ግን ወዲህ ነው። ደም ወይም ወተት እንደፈሰሰ የሚደፋበት አንድ ኩባያ ውሃ፣ እድፉ ደርቆ ከከረመ በኋላ የሚጠፋውን ሁለት ባልዲ ያተርፋል። በረኪና የገባበት ልብስ ሽታው እስኪለቅ ስንት ጊዜ እንደሚለቀለቅ ደግሞ አጣቢዎች ያውቁታል። የሳሙና ዋጋም ቢሆን እንዲሁ ነው። ኢንዛይም ያለበት የልብስ ዱቄት ከተራው ይወደዳል፤ ኦቶ ሮም የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1913 ከእንስሳት ጣፊያ አጠገብ ካለው ቆሽት ያወጣውን ኢንዛይም ለማጠቢያ ካዋለ ወዲህ የፕሮቲን እድፍ ኢንዛይምን የሚያህል ጠላት የለውም። ይህን ገዝቶ የፈላ ውሃ የሚደፋበት ሰው ግን የከፈለበትን ነገር በራሱ እጅ ቀቅሎ ገደለው። ለብ ባለ ውሃ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃዋል፤ ሌላ ወጪ የለውም።

የልብስ አጠባ እውቀት እዚህ አገር ዝቅ ተደርጎ የሚታይ እውቀት ነው፤ ሊሆን ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ለሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ግኝቱ የተጀመረው ከወንዝ ዳር ማጠቢያ ነው፤ እንዶድ ጥጥን ሳይጎዳ እንደሚያነጣ አጣቢዎቹ ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ የምትመጣው ልብስ አጣቢም ብዙ ታውቃለች። ነገር ግን ልብሱ የሚሰጣት በአንድ ክምር ነው፤ የትኛው ቡና፣ የትኛው ደም፣ የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚነግራት የለም፤ የሚነገራት «በረኪና ጨምሪበት» ብቻ ነው። ጓንት የለ፤ እጇን የሚልጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ ጭንቀቱን ሁሉ እሷ ላይ ከመጣል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን እንደፈሰሰበት ጠይቆ ያንኑ ማታ ለእድፉ የሚስማማውን ማድረግ፣ ቅዳሜ ደግሞ ለይቶ መስጠት የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በጣቱ ቀለም የሚቀባ፣ ምሳውን ገና ራሱ መብላት የሚለማመድ የአምስት ዓመት ልጅ ነጭ ሸሚዝ እንዲለብስ የሚያስገድድ ደንብ፣ ወላጅን በየሳምንቱ ወደ በረኪናው ይገፋዋል። ንጽሕናን ለማስተማር ነው ይባላል፤ የሚጠየቀው ግን ንጣት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። ለመዋዕለ ሕፃናት ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሸሚዝ መምረጥ ምንም አያስወጣም። እስከዚያው በሦስት ቀን ፀሐይ ያልለቀቀው የማንጎ ወይም የሙዝ ጭማቂ ምልክት ካለ፣ ሸሚዙ የቤት ልብስ ይሁን፤ ልጁ እንደሆነ ነጠብጣቡን አላየውም።