ጭረቱ ድምፁን አይነካም፤ ዋጋውንስ?

አንድ ሰው ደሞዙን ለወራት አጠራቅሞ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ሄድፎን ይገዛል። ካርቶኑን ሲከፍተው እንጨቱ ላይ ጭረት፣ ጠርዙ ላይ የተላጠ ቀለም ያገኛል። ለሻጩ ይጽፋል። የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «ድምፁን አይነካም።»

እውነት ነው፣ አይነካም። ድምፁን የሚያወጣው ከውስጥ ያለው፣ በኤሌክትሪክና በማግኔት ጉልበት የሚርገበገበው ስስ ሽፋን ነው። ከውጭ ቀለም ተላጠ አልተላጠ እሱ ምንም አያውቅም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ገዢው የከፈለው ለድምፅ ብቻ ነበር?

በ2017 እ.ኤ.አ. ጀሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የ283 ሄድፎኖችን ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጡ ተመልክቶ፣ ከዋጋቸው ጋር ዝምድና አላገኘም። የድምፅ ጥራት በዚህ ልኬት ብቻ አያልቅም። ሆኖም ዋናው መለኪያ ከዋጋው ጋር ካልሄደ፣ ከተከፈለው ገንዘብ ብዙው የሄደው ለእንጨቱ፣ ለቆዳው፣ ለስሙና ለአጨራረሱ ነው ማለት ነው።

ሌላም ማሳያ አለ። የሴንሃይዘር ኤችዲ 650 በ500 ዶላር ገደማ ሲሸጥ፣ በ2016 ማስድሮፕ በተባለ የኦንላይን ገበያ ኤችዲ 6ኤክስኤክስ ተብሎ በ199 ዶላር ቀረበ። ቀለሙ ተቀየረ፣ ገመዱ አጠረ፤ ድምፁ ግን ያው ነበር።

እንግዲህ ውበት ተተምኖ ከተሸጠ፣ የውበት ጉድለት የዕቃው ጉድለት ነው። ጥልፉ የተዛነፈ ቀሚስ ያስረከበ ልብስ ሰፊ «ብርድ ይከላከላል» ቢል ማን ይሰማዋል?

ገዢውም ግን የሚወቀስበት አለ። ጭረት ፍለጋ በባትሪ ብርሃን የሚያገላብጠውን ዕቃ በጆሮው አይፈትሸውም። ከላይ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። ግራና ቀኙ እኩል ካልጮኸ ያ ጉድለት በፎቶ አይታይም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የአንድ ሰው ንግግር በሞኖ ከፍቶ ማዳመጥ። ድምፁ ከመሀል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግራውን በቀኝ አዙሮ ማድረግ ነው። ዝንባሌው አብሮ ከዞረ፣ በሌላ ስልክም ከተደገመ፣ ጥፋቱ የሄድፎኑ ነው። ሳይዞር እዚያው ጎን ከቀረ ግን ጆሮን መጠርጠር ይሻላል።

ለዓይን የሚታይ ሁሉም «ውበት ብቻ» አይደለም። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልገጠመ፣ በተለይ ዝግ በሆነው ዓይነት፣ አየር ያስወጣና ቤዙ ይሳሳል። ይህ ድምፁን ይነካል።

ለድምፅ ብቻ የሚገዛ ሰው ጭረት ያለበትን በቅናሽ ቢወስድ ብልህ ነው። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ግን ሙሉ ዕቃ ይገባዋል። «ድምፁን አይነካም» የሚል ሻጭ፣ ዋጋውንም ለድምፁ ብቻ ይተምነው።