‘ክራክ’ ርካሽ ነው ያለው ማን ነው?

መካኒሳ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አለ እንበል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ይውላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር መጋዝና መላጊያ ይዞ ይገኛል። አናጺ አይደለም፤ ሊሆንም አላሰበም። ለልጁ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ለእናቱ ረከቦት፣ ለበሩ ጥግ የጫማ ሣጥን መሥራት ያስደስተዋል። ሳንቃ ያበላሸው ግን አንዴ ሁለቴ ብቻ አይደለም። በመጨረሻ "ከመቁረጤ በፊት በኮምፒውተር ልንደፈው" ይልና ሰው ይጠይቃል።

የሚሰጠው መልስ ከመካኒሳ እስከ መገናኛ አንድ ነው፦ "አውቶካድ አስጭን፤ ክራኩ አለኝ፤ ፍላሽ ይዘህ ና።"

ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ነፃ ዕቃ የተለዋወጡ ይመስላቸዋል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመለስ። መደርደሪያ ለመሥራት ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? አባቶቻችን በእርሳስ፣ በሜትርና በስኳድራ ቤት ሠርተው የለም ወይ? ሠርተዋል። "አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ" ያሉትም እነሱው ናቸው። ለአንድ በርጩማ ዛሬም እርሳስ ይበቃል። የዛሬው የትርፍ ሰዓት እንጨት ሠሪ ግን በአብዛኛው የሚገዛው 244 በ122 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ኤምዲኤፍ ነው። ልኩን የሳተ ሰው ደግሞ ቅጣቱን የሚከፍለው በሙሉ ሳንቃ ነው።

ምሳሌ ይታይ። ቁመቱ 180፣ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር በሆነ ሳንቃ ይሠራ። ሁለት ጎንና ስድስት አግዳሚ አለው። ጀማሪው አግዳሚዎቹን 80 ሴንቲ አድርጎ ያስቆርጣል፤ ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ እንደሚወስዱ ይረሳል። ትክክለኛው ልክ 76.4 ሴንቲ ነው። ይህን ካወቀ ሙሉው ዕቃ ከአንድ ሳንቃ ይወጣል። ሳንቃው በርዝመቱ ባለ 30 ሴንቲ አራት ረጃጅም ቁራጭ ይሆናል፤ ከሁለቱ ጎኖቹ፣ ከሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ሦስት ሦስት አግዳሚ ይገኛሉ። የመጋዙ ምላጭ በእያንዳንዱ ቁርጥ 4 ሚሊ ያህል ይበላል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ከ122 ሴንቲው 8 ሚሊ ይተርፋል።

ጥልቀቱ 31 ይሁን ቢባልስ? አራት ጊዜ 31፣ 124 ነው። አይበቃም። ሁለተኛ ሳንቃ መግዛት ግድ ይላል። አንዲት ሴንቲ ሜትር የአንድ ሙሉ ሳንቃ ዋጋ አወጣች ማለት ነው።

የኮምፒውተር ንድፍ ለመካኒሳው ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚያምር ባለ ቀለም ሥዕል አውጥቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ሳንቃው ሳይቆረጥ ስህተቱ ስክሪን ላይ መታየቱ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ መሐንዲስ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ የሚነድፍበት ፕሮግራም አያስፈልግም።

አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ዝናውም የሚገባው ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ አውቶዴስክ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ገዢ አንዴ ከፍሎ የራሱ የሚያደርግበትን በር ዘግቶ ወደ ኪራይ ገብቷል። ኪራዩ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይህ 114,000 ብር ያህል ነበር። ዛሬ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለመጽሐፍ መደርደሪያ! ብሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለተራው ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም።

ክራክ የሚመጣው ይህን ጊዜ ነው። "ድሃ ነን፤ ምን እናድርግ?" ይባላል። የድህነቱ ነገር እውነት ነው። ግን ድሃ ነኝ የሚል ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት "ይህ ነገር በኋላ ምን ያስከፍለኛል?" ብሎ ነው።

ክራክ ጫኙ ባለላፕቶፑን መጀመሪያ የሚያዘው ምንድን ነው? "አንቲቫይረሱን አጥፋ።" ቀጥሎስ? "ኢንተርኔቱን ንቀል።" አንድ የማይታወቅ ሰው በር አንኳኩቶ "መጀመሪያ ውሻውን እሰሩልኝ፣ ከዚያ መብራቱን አጥፉልኝ" ቢል የሚያስገባው ማን ነው? በዚያው ላፕቶፕ ላይ እኮ የልጆቹ ፎቶ፣ የቢሮው ሒሳብና የባንክ ይለፍ ቃሉ አለ። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ እየተባለ የሚጠራው፣ ፋይል ቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ብዙ ሰው ቤት የገባው በክራክና በሐሰተኛ የፈቃድ ቁልፍ ማውጫዎች ተሸፍኖ ነው። 2,000 ዶላር አዳንኩ ያለ ሰው የአሥር ዓመት ፎቶውን ሊያጣ ይችላል።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ እኩል ይጠብቃል። እርግጥ መካኒሳ ጓዳ ድረስ መጥቶ ላፕቶፕ የሚፈትሽ የለም። ግን የቅዳሜው ሥራ አንድ ቀን ገቢ ማምጣት ቢጀምርስ? ጎረቤቱ ቁም ሣጥን ቢያዘው፣ አንድ ትምህርት ቤት 40 ወንበር ሥራልን ቢለውስ? ያን ጊዜ ንድፉ የሚቀመጥበት መሣሪያ ለማንም ደፍሮ ሊያሳየው የማይችለው ዕቃ ይሆንበታል። የዘፋኝ ሥራ ያለፈቃድ ሲባዛ "የላብ ዋጋ ይከበር" ብሎ የሚጮህ ሕዝብ የፕሮግራም ጸሐፊ ላብ ላይ ሲደርስ ዝም ማለቱም ሊታሰብበት ይገባል።

እዚህ ላይ "በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚሰጡም አሉ እኮ" የሚል ይነሳል። አሉ። ግን ነፃ የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

እንጨት ሠሪዎች ስኬችአፕን የሚወዱት በምክንያት ነው፤ ጀማሪ በአንድ ቀን ሣጥን ሊነድፍበት ይችላል። ታሪኩን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2006 ገዛው፤ በነፃም አሰራጨው። በ2012 ትሪምብል ለተባለ ኩባንያ ሸጠው። አዲሱ ባለቤት ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነፃ ቅጂ በ2017ቱ እትም አቆመው። ዛሬ በነፃ የሚሰጠው በብራውዘር የሚከፈተው ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን የፈለገ ይከፍላል። ፊውዥንም ያው ነው። አውቶዴስክ ለግል ተጠቃሚ በነፃ የሚሰጠውን በ2020 አጥብቦ፣ በአንድ ጊዜ ሊታረሙ የሚችሉትን ፋይሎች በ10 ወሰነ። ኩባንያዎቹ የማንንም ንብረት አልነጠቁም፤ የሰጡት የራሳቸውን ነው፤ ሲያሻቸው ይሰበስቡታል። ስህተቱ የዓመታት ሥራውን በሰው ቸርነት ላይ የሚገነባው ሰው ነው።

ኢንተርኔቱስ? ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት መቆየቷን የረሳ የለም። በዚያ ሰሞን ንድፉ ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው የገዛ መደርደሪያውን ልክ ማየት አይችልም ነበር። ኔትወርክ በየሰበቡ በሚጠፋበት ከተማ "ካልተገናኘህ አልሠራም" የሚል መሣሪያ ርካሽ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የርካሽ ትርጉም መስተካከል አለበት። ለመካኒሳው ሰው ርካሽ የሚባለው ፕሮግራም ዶላር የማይጠይቅ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚከፈትና ነገ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢለውጥ የማይወሰድ ነው። ከአራቱ አንዱ የጎደለው፣ ዋጋው ዜሮ ቢሆንም ውድ ነው።

አራቱንም የሚያሟሉ አሉ። ሊብሬካድ አንዱ ነው። በወረቀት ላይ እንዳለ ንድፍ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ መሳያ እንጂ የዕቃውን ሙሉ ቅርጽ አዙሮ የሚያሳይ አይደለም። ቀላል ነው፤ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። በእርሳስ መሳል የለመደ፣ ልኩን ግን አጥርቶ ማተም ለሚፈልግ ሰው ይበቃል።

ሁለተኛው ፍሪካድ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ሲገነባ የቆየው ይህ ፕሮግራም 1.0 የተባለውን እትም ያወጣው ከ22 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ዕቃውን በሙሉ ቅርጹ ያሳያል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ልኮቹን በሠንጠረዥ አስሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ጥልቀቱን ከ31 ወደ 30 ሲለውጡት ጎኑም አግዳሚውም አብሮ ይለወጣል። ለእንጨት ሥራ የተዘጋጀ፣ የቁራጮቹን ዝርዝር የሚያወጣ ተጨማሪ ክፍልም በነፃ ይገኝለታል። ዝርዝሩ ታትሞ ለሳንቃ ቆራጩ ይሰጣል፤ "በቃል ነግሬህ ነበር፣ አልነገርከኝም" የሚለው ጭቅጭቅ እዚያው ያበቃል።

የ2017ቱ ስኬችአፕ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰውስ? ለግል ሥራው ይጠቀምበት፤ ፈቃዱ ለንግድ እንደማይሆን ግን ይወቅ። የሌለው ደግሞ ከማይታወቅ ድረ ገጽ ለማውረድ አይሩጥ። ያ ዞሮ ዞሮ ወደ ክራኩ ሰፈር ይመልሳል።

ተቃውሞ አለ፤ ከባዱም ይህ ነው፦ "ፍሪካድ ይከብዳል።" እውነት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል። በቀደሙት እትሞች አንድ ጠርዝ ሲነካ ሌላው የሚበታተንበት ችግር ነበረው፤ በ1.0 ቢሻሻልም ጨርሶ አልጠፋም። ስኬችአፕ በአንድ ቀን የሚያስተምረውን ፍሪካድ በሦስት ቅዳሜ ያስተምራል። ግን አውቶካድስ በአንድ ጀንበር ይለመዳል እንዴ? ሰው ወራት ፈጅቶ፣ ለአሠልጣኝ ከፍሎ የሚማረው ፕሮግራም "ቀላል"፣ በነፃ የሚገኘው "ከባድ" የሚባለው የመጀመሪያውን የሚያስተምር ጎረቤት ስላለ ነው። የጎደለው አስተማሪ ነው።

ሌላው ተቃውሞ "ሥራ የሚገኘው በአውቶካድ ነው" የሚል ነው። ለአርክቴክቸር ተመራቂ ልክ ሊሆን ይችላል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ አውቶዴስክ ራሱ በትምህርት ፈቃድ በነፃ ይሰጠዋል፤ ክራክ ምን ያደርግለታል? የመካኒሳው ሒሳብ ሠራተኛ ግን ሥራ ፈላጊ አይደለም። ረከቦት ሊሠራ ነው።

ወቀሳው ታዲያ ወደ ማን ይሂድ? ከቅዳሜ አናጺው ይልቅ ወደ አሠልጣኞቹ ነው። "አውቶካድ ከነሙሉ ኢንስታሌሽኑ" እያሉ በየቴሌግራሙ የሚያስተዋውቁ ሰዎች ተማሪው በሕጋዊ መንገድ ፈጽሞ ሊገዛው የማይችለውን መሣሪያ ያስለምዱትና ገንዘቡን ተቀብለው ይሸኙታል። የመንጃ ፈቃድ ትምህርት በተሰረቀ መኪና እንደማስተማር ነው። መንግሥትም ከወቀሳው አያመልጥም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን መርሐ ግብር በትልቅ ድግስ ተጀምሯል። መልካም ነው። ግን ዲጂታል መሆን ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ አናጺው፣ ብየዳ ሠሪው፣ የአሉሚኒየም ባለሙያው በራሱ መሣሪያ ልኩን መንደፍ ሲችልም ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኮምፒውተር ክፍሎቻቸው ፍሪካድና ሊብሬካድ ለመጫን በጀትም ጨረታም ዶላርም አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ወደ አማርኛ ለመተርጎምም የማንንም ይሁንታ መለመን አያሻም። ይህን ለማድረግ ምን ይጠበቃል?

እስከዚያው ግን የመካኒሳው ሰው መንግሥትን ሳይጠብቅ በአንድ ቅዳሜ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ያቺን 180 በ80 በ30 መደርደሪያ በሊብሬካድም በፍሪካድም ይንደፍ። ከዚያ ወርዱን ወደ 75 ይለውጥ፤ አግዳሚዎቹ 71.4 መሆናቸውን ይይ። ኢንተርኔቱን ነቅሎ እንደገና ይክፈተው። የቁራጮቹን ዝርዝር አትሞ ቆራጩ ዘንድ ይሂድና ይግባው እንደሆነ ይጠይቀው። ከዚህ ፈተና ያለፈው የእሱ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ከከበዱት ወደ እርሳሱና ወደ ካሬ ደብተሩ ይመለስ፤ ምንም አያሳፍርም። እርሳስ ኪራይ አይጠይቅም፣ ቫይረስም አያመጣም።

ያ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ወዳጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና በሩን ያንኳኳል። ቡና ይጠጣ፤ መደርደሪያውንም ይይ። ፍላሹ ግን ከኪሱ ባይወጣ ይሻላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ ያስጠይቃል።